የሰው አገር እንጀራ፤ የባስኮችና የሴኔጋሎች ኑሮ ሲነጻጸር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ስደተኞች ኑሮ ነው። ስደተኛ ስንል ከጦርነት የሸሸውን ሰው ብቻ ማለታችን አይደለም። እንጀራ ፍለጋ አገሩን ለቆ የወጣውንም ሰው ማለታችን ነው። ከመካከላችሁ ልጁ፣ እህቱ ወይም ጎረቤቱ ዐረብ አገር ወይም አሜሪካ የሄደበት ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ነገሩ ለማናችንም እንግዳ አይሆንም።

ስለ ስደተኛ ሲወራ አንድ ነገር ደጋግመን እንሰማለን። «የእነ እገሌ ልጅ በአምስት ዓመቱ ቤት ሠራ። የእኛው ግን ይኸው ዐሥር ዓመቱ፣ ጠብ ያለለት ነገር የለም። ሰነፍ ቢሆን ነው እንጂ!» ይባላል። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? እስቲ ከመንደራችን ወጣ ብለን ሁለት ሕዝቦችን እናነጻጽር። አንደኞቹ ባስኮች ናቸው፤ ሁለተኞቹ ሴኔጋሎች።

1. ባስኮች እነማን ናቸው?

ባስኮች በአውሮፓ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። አገራቸው በስፔይንና በፈረንሳይ ድንበር ላይ፣ ተራራውና ባሕሩ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ቋንቋቸው ኤውስካራ ይባላል። ለዚህ ቋንቋ እስከ ዛሬ ዘመድ ቋንቋ አልተገኘለትም።

በድሮ ጊዜ የባስክ ገበሬ እርሻውን ለልጆቹ አያካፍልም ነበር። ቢከፋፈል ለማንም አይበቃምና! ስለዚህ ቤቱም መሬቱም ለአንድ ልጅ ይሰጣል። የቀሩት ልጆች ወይ መርከበኛ ይሆናሉ፣ ወይ ቄስ ይሆናሉ፣ አለዚያም አገር ጥለው ይሄዳሉ። ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው ወደ አርጀንቲናና ወደ ኡራጓይ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1848 በካሊፎርኒያ ወርቅ ሲገኝ ደግሞ ወደ ሰሜን አሜሪካ የጎረፉ ነበሩ። ወርቁ ያልቀናቸው በግ ወደ ማርባት ዞሩ። ከዚያ በኋላ ኔቫዳና አይዳሆ በሚባሉት የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የበግ እረኛ ማለት ባስክ ማለት ሆነ።

የእረኝነቱ ኑሮ ቀላል አልነበረም። አንድ ሰው ከአንድ ውሻ ጋር ሆኖ ከሺህ የሚበልጡ በጎች ይዞ ወደ ተራራ ይወጣል። ለወራት የሰው ፊት አያይም። ብቸኝነቱ አእምሯቸውን ያናወጣቸው እረኞች ነበሩ። ስማቸውን በዛፍ ልጥ ላይ በቢላዋ እየቀረጹ ያልፉ ነበር። ያ ጽሑፍ ዛሬም በተራሮቹ ላይ ይነበባል።

2. ደመወዝ በበግ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እረኛው ደመወዙን በብር ብቻ አይቀበልም ነበር። ብዙ ጊዜ በብር ፋንታ እንስት በጎች ይወስዳል። ይህን በቁጥር እንየው። ለምሳሌ አንድ እረኛ ከጥቂት ዓመት ሥራ በኋላ 100 እንስት በጎች አገኘ እንበል። በዓመቱ 80 ግልገሎች ቢያሳድግ፣ ግማሾቹ ማለት 40ዎቹ እንስት ይሆናሉ። ወንዶቹን ይሸጣል፤ እንስቶቹን ያስቀራል። አሁን 140 እናት በጎች አሉት። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ስሌት 196 ይሆናሉ። የሞተውንና አውሬ የበላውን ለጊዜው እንተወው። አያችሁ? ሰውየው ቢተኛም ደመወዙ ይወልዳል!

በጎቹስ የት ይግጡ ነበር? በመንግሥት መሬት ላይ ነዋ! በዚያ ዘመን ሰፊው የምዕራብ አሜሪካ ሜዳ ለሁሉም ክፍት ነበር። መሬት ሳይገዙ መንጋ ማርባት ይቻል ነበር። የከብት ባለቤቶች ባስኮችን አጥብቀው ይጠሏቸው ነበር፤ ሕጉ ግን አልከለከላቸውም። ቆዳቸውም ነጭ ስለሆነ ዜግነት ለማግኘት አልተቸገሩም።

ባለ መንጋ የሆነው እረኛ ወንድሙን ወይም የአጎቱን ልጅ ከአገር ያስመጣል። ያም በተራው ደመወዙን በበግ ይቀበላል። ጥሪት የያዙት እንዲህ ነው። ይህ ማለት ግን ሁሉም ከበሩ ማለት አይደለም። መንጋው በብርድ ያለቀበት፣ ዋጋ ሲወድቅ ባዶ እጁን የቀረ ብዙ ነው። ፖል ላክሳልት የሚባሉት የኔቫዳ ሰው አባታቸው የባስክ እረኛ ነበሩ። የገበያ ውድቀት መጥቶ የአባትየው የበግ ሀብት ጠፋ። እናትየው ትንሽ ሆቴል ይዘው ልጆቹን አሳደጉ። ከልጆቹ አንዱ ፖል እ.ኤ.አ. በ1967 የኔቫዳ አገረ ገዥ ሆኑ።

3. በሩ ሲዘጋ

እ.ኤ.አ. በ1924 አሜሪካ ከውጭ የሚገባውን ሰው ቁጥር በጣም ቀነሰች። በ1934 ደግሞ አዲስ የግጦሽ ሕግ ወጣ። ከዚያ በኋላ በመንግሥት መሬት ላይ ለማሰማራት ፈቃድ ያስፈልግ ጀመር። ፈቃዱም በቅድሚያ የሚሰጠው በአካባቢው የራሱ መሬት ላለው ሰው ነው። መሬት የሌለው ባለ መንጋ ከሥራ ወጣ።

ከ1950 ወዲህ እረኛ ስለጠፋ ባስኮች እንደገና ተጠሩ። አሁን ግን የመጡት በሦስት ዓመት ውል ነው። በበግ የሚከፈል ደመወዝ ቀረ፤ ክፍት ሜዳም የለም። እነዚህ ባስኮች ልክ እንደ ፊተኞቹ ጎበዞች ነበሩ። ነገር ግን አብዛኞቹ የቆጠቡትን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ እንጂ ባለ መንጋ አልሆኑም። በ1970ዎቹ በባስክ አገር ፋብሪካ ተስፋፍቶ ደመወዝ ሲያድግ መምጣቱንም ተዉት። በእነሱ ቦታ ከፔሩ የመጡ እረኞች ተተኩ። ተራራው ያው ነው፤ በጉም ያው ነው፤ ብቸኝነቱም ያው ነው። ዛሬ ያለው የፔሩ እረኛ ግን በጊዜያዊ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ታስሮ ይሠራል። መንጋ አያወጣም።

ይህን ነገር ልብ በሉ። በኋላ እንመለስበታለን።

4. ሴኔጋሎችስ?

ሴኔጋል በምዕራብ አፍሪካ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለች አገር ናት። ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነጻ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። የገበሬው ዋና የገበያ ሰብል ኦቾሎኒ ነው። ከ1968 ጀምሮ ለዓመታት ከባድ ድርቅ ወረደባት። ኦቾሎኒው ሲከስም ወጣቱ እግሩን አነሣ።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ፈረንሳይ ነበር። በመኪና ፋብሪካና በመንገድ ጠረጋ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 ግን ፈረንሳይ ከውጭ ሠራተኛ መቀበል አቆመች። ስለዚህ መንገዱ ወደ ኢጣሊያ፣ ወደ ስፔይንና ወደ ኒው ዮርክ ዞረ። በ1994 የሴኔጋል ገንዘብ በፈረንሳይ ፍራንክ ሲመነዘር ዋጋው በግማሽ ወረደ። ያን ጊዜ የስደተኛው ቁጥር ይበልጥ ጨመረ። በ2006 ደግሞ ሴኔጋሎች ያሉባቸው ከ30 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በዓሣ አጥማጅ ጀልባ የስፔይን ግዛት ወደ ሆኑት የካናሪ ደሴቶች ገቡ። በመንገድ ላይ ባሕር የበላቸውም ብዙ ናቸው።

ወረቀት የሌለው ሴኔጋላዊ አውሮፓ ሲደርስ ምን ይሠራል? ሱቅ በደረቴ ይሆናል። ቦርሳ፣ ቀበቶ፣ መነጽር፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጃንጥላ ይሸጣል። እንደ ባስኩ እንቁጠርለት። ለምሳሌ በቀን 30 ዩሮ አተረፈ እንበል። 10 ዩሮ ለአልጋ፣ 10 ዩሮ ለምግብ ይወጣል። የቀረው 10 ዩሮ ለእናቱ፣ ለሚስቱና ለታናናሾቹ ይላካል። ፖሊስ ሲመጣ ዕቃውን በአንሶላ ጠቅልሎ ይሮጣል። ከተያዘ ዕቃው ይወረሳል፤ የወር ድካሙ በአንድ ቀን ይጠፋል። የእሱ ገንዘብ አይወልድም። በዚህ ላይ የቆዳው ቀለም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በፍሎሬንስ ከተማ ሁለት ሴኔጋላውያን ነጋዴዎች በአንድ ዘረኛ ሰው ጥይት ገበያ ውስጥ ተገድለዋል።

ወረቀት ያገኘውስ? እ.ኤ.አ. በ1990 ኢጣሊያ ሕግ አውጥታ ለብዙ ስደተኞች የመኖሪያ ፈቃድ ሰጠች። ፈቃዱን ካገኙት ሴኔጋሎች ብዙዎቹ ጃንጥላውን ጥለው በሰሜን ኢጣሊያ ወደ ብረታ ብረት ፋብሪካዎች ገቡ። የወር ደመወዝ አገኙ፤ ቤት ተከራዩ፤ ሚስትና ልጆች አስመጡ። ዛሬ በኢጣሊያ ከ100 ሺህ በላይ ሴኔጋሎች ይኖራሉ። በኒው ዮርክም በ116ኛው መንገድ ላይ ሱቅና ምግብ ቤት የከፈቱ አሉ። ሴቶቹ ጠጉር በመሥራት ራሳቸውን ያስተዳድራሉ።

5. ሁለቱ በምን ይመሳሰላሉ?

ሁለቱም ብቻቸውን አልቆሙም። ባስኮች በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ነበሯቸው። ቦይዚ በምትባለው የአይዳሆ ከተማ ከ1910 ጀምሮ የባስክ ማረፊያ የነበረ ቤት ዛሬም ቆሞ ይታያል። ከተራራ የወረደ እረኛ እዚያ ያድራል፤ ደብዳቤው እዚያ ይመጣል፤ እንግሊዝኛ የሚያነብለት እዚያ ያገኛል፤ ገንዘብ ካጠረው በዱቤ ይበላል። ከአገር የመጡ ልጃገረዶች እዚያ ያበስሉና ያጥቡ ስለነበር ብዙ ትዳር እዚያ ተመሠረተ። ለሕመምና ለቀብር የሚሆን መረዳጃ ማኅበርም ነበራቸው። በእኛ ቋንቋ እድር ማለት ነው።

ሴኔጋሎችም ዳሂራ የሚሉት ማኅበር አላቸው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሼህ አህመዱ ባምባ የመሠረቱት የሙሪድ እስልምና መንገድ ተከታዮች ናቸው። በዳሂራው ይጸልያሉ፣ መዋጮ ይሰበስባሉ፣ የሞተውን ሰው አስከሬን ወደ አገሩ ይልካሉ። እንደ እቁብም ገንዘብ በተራ ይሰጣጣሉ። በፈረንሳይ ያሉት ደግሞ የአንድ መንደር ልጆች አንድ ላይ ያድሩና በጋራ ሣጥናቸው ገንዘብ በመንደራቸው ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና የውሃ ጉድጓድ ያሠራሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ!

6. እንግዲህ እንመዝን

አሁን ሁለቱን ብናስተያይ፣ በአሜሪካ ያሉት የባስክ ልጆች የተደላደሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 58 ሺህ ያህል ሰዎች ባስክ ነን ብለዋል። ከ2004 እስከ 2020 የቦይዚ ከተማ ከንቲባ የነበሩት ዴቭ ቢተር የባስክ ዝርያ ናቸው። የሴኔጋል ስደተኛ ግን ገና ከኪራይና ከወረቀት ጋር እየታገለ ነው።

ታዲያ «ባስክ ጎበዝ፣ ሴኔጋላዊ ሰነፍ» እንበል? አንልም። ምክንያቱም ባስክን ከባስክ አስተያይተናል። ክፍት ሜዳ ያገኘው ባለ መንጋ ሆነ፤ በውል የመጣው አልሆነም። ሴኔጋላዊንም ከሴኔጋላዊ አስተያይተናል። ወረቀት ያገኘው ፋብሪካ ገባ፤ ያላገኘው ጃንጥላ ይሸጣል። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ልዩነቱ ያለው በገቡበት በር ላይ ነው።

ዕድሜም አለ። የባስኩ የልጅ ልጅ ከገና ትናንት ከመጣ ሴኔጋላዊ ጋር እኩል አይመዘንም። እረኛውን ከሱቅ በደረቴው ጋር፣ የልጅ ልጁን ከልጅ ልጁ ጋር መመዘን ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሴኔጋላዊው ገንዘብ የት እንደሄደ እንጠይቅ። ስደተኞች ወደ ሴኔጋል የሚልኩት ገንዘብ ከአገሪቱ ዓመታዊ ገቢ አንድ ዐሥረኛ ያህል ይሆናል። ይህ ገንዘብ በአውሮፓ ቤቱ አይታይም። የሚታየው በእናቱ ጓዳ፣ በወንድሙ ደብተርና በመንደሩ ጣሪያ ላይ ነው። ስለዚህ የስደተኛን ሀብት ስንቆጥር እዚያም እዚህም መቁጠር አለብን።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በባስክ አገር ኦንዳሮዋ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ወደብ አለች። የባስክ ወጣቶች ባሕሩን እየተዉ ሲሄዱ መርከቦቹ ሠራተኛ አጡ። ዛሬ በእነዚያ መርከቦች ላይ መረብ ከሚጎትቱት መካከል ሴኔጋሎች ይገኛሉ። ልጆቿን በድህነት ትሸኝ የነበረች አገር ዛሬ የሌላውን ልጅ ትቀበላለች። አሁን ተራው የባስኮች ነው፤ የሚከፍቱት በር ምን ዓይነት እንደሚሆን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ ስለ አንድ ስደተኛ ሲወራ ከመፍረዳችን በፊት አራት ነገር እንጠይቅ። ወረቀት አለው ወይ? ገንዘቡ የሚወልድ ነው ወይስ በልቶ የሚያልቅ? ስንት ሰው ይጦራል? ከሄደ ስንት ዓመቱ ነው? መልሱን ሳናውቅ «ሰነፍ ነው» አንበል።

በደኅና ሁኑ። ያነበባችሁትን ላላነበበ ሰው አንብቡለት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. የባስክ ገበሬ እርሻውን ለአንድ ልጅ ብቻ የሚሰጠው ለምን ነበር?
ለ. ደመወዝን በበግ መቀበል በብር ከመቀበል በምን ይለያል? 50 እንስት በጎች ቢኖሯችሁ በሁለት ዓመት ስንት ይሆናሉ? በጽሑፉ ውስጥ ባለው ስሌት አስሉ።
ሐ. የባስኮች ማረፊያ ቤትና የሴኔጋሎች ዳሂራ ከእኛ እድርና እቁብ ጋር በምን ይመሳሰላሉ?
መ. ከአካባቢያችሁ ወደ ውጭ የሄደ ሰው የሚልከው ገንዘብ ምን ላይ ይውላል? ከዚህ ውስጥ «የሚወልደው» የትኛው ነው?