የድንበሩ ከተማ ሕዝብ በደብዳቤ ተራራውን አስጠበቀ

«ስሜን መጻፍ ከቻልኩ ይበቃኛል፤ ደብዳቤ መጻፍ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። እስቲ ይህን ታሪክ አንብቡለት። ታሪኩ የሩቅ አገር ነው። ነገሩ ግን የመሬት ነገር ነው። ለገበሬ ደግሞ የመሬት ነገር ሩቅ አይደለም።

ከተማዋ የት ናት?

በሰሜን አሜሪካ ሁለት አገሮች ይዋሰናሉ። አንደኛዋ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ናት። ሁለተኛዋ ሜክሲኮ ናት። በሁለቱ መካከል ረጅም መንገድ የሚሄደው ወሰን ወንዝ ነው። ስሙ ሪዮ ግራንዴ ይባላል። «ታላቁ ወንዝ» ማለት ነው።

በወንዙ ሰሜን ዳር ኤል ፓሶ የምትባል የአሜሪካ ከተማ አለች። በደቡቡ ዳር ሲዩዳድ ኋሬስ የምትባል የሜክሲኮ ከተማ አለች። ሰው በድልድይ ይሻገራል። ለሥራ ይሻገራል፤ ለትምህርት፣ ለገበያ፣ ዘመድ ለመጠየቅም ይሻገራል። የኤል ፓሶ ነዋሪ አብዛኛው የዘር ሐረጉ ከሜክሲኮ ነው። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ከተማዋ ከ678 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍራንክሊን የሚባል የተራራ ሰንሰለት ከተማዋን ከሁለት ይከፍላታል። በተራራው ምሥራቅ በኩል ካስትነር ሬንጅ የሚባል ሰፊ መሬት አለ። አገሩ ደረቅ ነው፤ በረሓ ነው። ዝናቡ ደህና ከጣለ ግን በመጋቢት ገደማ ምድሩ በቢጫ አበባ ይሸፈናል። ብታዩት «ይሄማ የኛው አደይ አበባ ነው» ትላላችሁ። የጥንት ሰዎች በድንጋይ ላይ የተዉት ሥዕልም እዚያ ይገኛል።

መሬቱ ምን ሆኖ ነበር?

ይህ መሬት የጦር ሠራዊት የተኩስ መለማመጃ ነበር። ከ1926 እስከ 1966፣ ማለት 40 ዓመት ሙሉ፣ ወታደር መድፍና ሌላም መሣሪያ ሲተኩስበት ኖሯል። በ1966 መተኮሱ ቆመ። አደጋው ግን አልቆመም። ለምን ቢባል፣ ከተተኮሰው ውስጥ ያልፈነዳም አለ። ከፊሉ ተቀብሮ ቀርቷል። ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው ብቅ ይላል።

ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ዝገት ስለለበሰ ሞቷል ማለት አይደለም። ስንት ዓመት ቆይቶም ሲነካ ሊፈነዳ ይችላል። እናንተም በእርሻችሁ ወይም በግጦሽ መሬት እንዲህ ያለ ብረት ብታዩ አትንኩት። ልጆችን አርቁ። ቦታውን ከሩቅ ሰው በሚያየው ምልክት አስታውቁና ለሚመለከተው አካል ቶሎ ንገሩ።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። መተኮሱ ከቆመ በኋላ ከመሬቱ ከፊሉ እየተቆረጠ ለመንገድና ለሕንፃ ዋለ። የከተማው ሰው ይህን ሲያይ ሰጋ። «የቀረውስ ቢሸጥ? ተራራችን በሕንፃ ቢሸፈን?» አለ። ከ1971 ጀምሮ «መሬቱ ይጠበቅ፤ ከጥይት ይጽዳ፤ ለሕዝብ ይሁን» እያለ መጠየቅ ያዘ። አንድ ዓመት ጠየቀ፤ አልሆነም። አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት ጠየቀ፤ አልሆነም። አባት የጀመረው ጥያቄ ለልጅ ተረፈ።

እንደራሴዋ ማን ናቸው?

እንደራሴ ማለት ሕዝብ መርጦ ወደ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የሚልከው ወኪል ነው። በአሜሪካ የእንደራሴዎች ምክር ቤት 435 መቀመጫ አለው። አገሩ በ435 የምርጫ ክልል ተከፍሎ እያንዳንዱ ክልል አንድ አንድ ሰው ይልካል። ዘመኑ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ እንደራሴው ተመልሶ «ምረጡኝ» ብሎ ሕዝቡ ፊት ይቆማል። ሕዝቡም «ምን ሠራህልን?» ይለዋል።

ኤል ፓሶን የሚወክሉት ወይዘሮ ቬሮኒካ ኤስኮባር ይባላሉ። በ1969 እዚያው ኤል ፓሶ ተወለዱ። ያደጉት ከቤተሰባቸው የወተት ላም እርባታ አጠገብ ነው። ወደ ምክር ቤቱ ከመግባታቸው በፊት የኤል ፓሶ አውራጃን አስተዳደር መርተዋል። በ2018 ተመረጡና በ2019 መጀመሪያ መቀመጫቸውን ያዙ። በ2020፣ በ2022 እና በ2024ም ሕዝቡ መልሶ መርጧቸዋል።

የመሬቱን ጥያቄ የጀመሩት ግን እሳቸው አይደሉም። ጥያቄውን የጀመረው ሕዝቡ ነው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት እንደራሴ ቤቶ ኦሩርክም መሬቱ እንዲጠበቅ የሕግ ረቂቅ አቅርበው ነበር። ወይዘሮ ኤስኮባር የተጀመረውን ተቀበሉና ረቂቁን እንደገና አቀረቡ።

ረቂቁ ለምን ሕግ አልሆነም?

ረቂቅ ማለት ገና ሕግ ያልሆነ፣ ለውይይት የቀረበ ጽሑፍ ነው። በአሜሪካ ረቂቅ ሕግ የሚሆነው መንገዱን ሲጨርስ ነው። አንደኛ፣ የእንደራሴዎቹ ምክር ቤት ማጽደቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ሴኔት የሚባለው ሌላው ምክር ቤት ማጽደቅ አለበት። ሦስተኛ፣ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ይቀርባል። የምክር ቤቱ የሁለት ዓመት ዘመን ካለቀ ደግሞ ያላለፈው ረቂቅ ሁሉ ይወድቃል። ከፊደል «ሀ» እንደገና ይጀመራል። የካስትነር ሬንጅም ረቂቅ እንዲህ ሆነ። ቀረበ፤ ወደቀ። ደግሞ ቀረበ።

ታዲያ ምን ተሻለ? አንድ በር ሲዘጋ ሌላ በር ማየት ነው። በአሜሪካ በ1906 የወጣ አንድ የቆየ ሕግ አለ። ይህ ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ይሰጣል። የመንግሥት በሆነ መሬት ላይ የታሪክ ወይም የሳይንስ ጥቅም ያለው ነገር ካለ፣ ፕሬዚዳንቱ መሬቱን በአዋጅ ማስጠበቅ ይችላል። ወይዘሮ ኤስኮባርም ፕሬዚዳንቱ በዚህ ሕግ እንዲጠቀሙ ወተወቱ። በመጋቢት 2022 የአገሪቱን የመንግሥት መሬትና ፓርክ የሚመራው ሚኒስቴር ኃላፊ፣ ወይዘሮ ዴብ ሃላንድ፣ ኤል ፓሶ ድረስ መጥተው ቦታውን በዓይናቸው አዩ። «ከመቶ ወሬ አንድ ማየት» ይባል የለ?

ደብዳቤዎቹ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። እንደራሴዋ ዋና ከተማው ድረስ ሄደው «ሕዝቤ ይህን ይፈልጋል» ቢሉ፣ «በምን እናምናለን?» የሚል ይኖራል። አንድ ሰው ተነሥቶ ሕዝብ ይላል ማለት ቀላል ነዋ! ማስረጃው ግን ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። ባለፉት ዓመታት ለመሬቱ የቆሙ ማኅበራትና በጎ ፈቃደኞች ሕዝቡን ሲያስተባብሩ ቆይተዋል። የድጋፍ ደብዳቤው እየተጠራቀመ ከ100 ሺህ በላይ ደረሰ።

እስቲ አስቡት። አንድ ደብዳቤ ቢሆን ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ይቀራል። መቶ ሺህ ደብዳቤ ግን ማን ይረሳዋል? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት አባቶቻችን እውነታቸውን ነው። ለአንድ ሰው መቶ ሺህ ደብዳቤ መጻፍ አይቻለውም። ለመቶ ሺህ ሰው ግን የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

መልሱ መጣ

መጋቢት 12 ቀን 2015 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በነሱ ማርች 21 ቀን 2023 መሆኑ ነው፣ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን አዋጁን ፈረሙ። ካስትነር ሬንጅ የተጠበቀ ብሔራዊ ቅርስ ሆነ። የተጠበቀው መሬት 6,672 ኤከር ነው። በሄክታር 2,700 ገደማ ይሆናል። በጋሻ ለሚያስብ ደግሞ 67 ጋሻ ገደማ ነው። ሕዝቡ መጠየቅ ከጀመረ 52ኛው ዓመት ነበር።

ታዲያ በማግሥቱ ሰው ሁሉ ተራራው ላይ ወጣ ማለት ነው? አይደለም። አዋጅ ጥይት አይለቅምም። አዋጁ መሬቱን በጦር ሠራዊቱ ሥር እንዲጠበቅ አደረገ። ያልፈነዳው እየተለቀመ፣ አደጋ የሌለበት ቦታ በየደረጃው ለሕዝብ እንዲከፈት ነው የታሰበው። ይህ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ የእንደራሴዋም ሆነ የሕዝቡ ሥራ በፊርማው ቀን አላለቀም። የተባለው መደረጉን አንብቦና ጠይቆ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል።

እኛስ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ወኪል የሕዝብ አፍ ነው። ሕዝቡ ዝም ካለ ወኪሉ ምን ብሎ ይናገር? ሁለተኛ፣ አንድ መንገድ ቢዘጋ ነገሩ አልቋል ብሎ መተው አይገባም። ሌላ ሕግ፣ ሌላ በር ይኖር እንደሆን መፈለግ ነው። ሦስተኛ፣ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል»። የኤል ፓሶ ሰው ጥያቄ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአንዱ እንደራሴ ወደ ሌላው የተላለፈው በጽሑፍ ስለነበር ጭምር ነው።

እናንተም ስለ ውሃ፣ ስለ መንገድ ወይም ስለ ወሰን የምትጠይቁት ነገር ካለ ጻፉት። ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

1. በላይኛው ጥግ ቀኑንና የቀበሌያችሁን ስም ጻፉ።
2. ለማን እንደምትጽፉ በግልጽ አስቀምጡ።
3. ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በአጭሩ ንገሩ።
4. እንዲደረግላችሁ የምትፈልጉትን አንድ ነገር ለይታችሁ ጠይቁ። አሥር ነገር በአንድ ደብዳቤ አታጭቁ።
5. ስማችሁን ጽፋችሁ ፈርሙ። ጎረቤትም የሚስማማበት ከሆነ ይፈርም።
6. ከመላካችሁ በፊት ግልባጭ አስቀሩ። የተላከበትንም ቀን መዝግቡ።

ፊደሉ ቢጣመም አትፈሩ። መልእክቱ ከቀና ይበቃል።

ለመወያያ

ይህን ጽሑፍ በንባብ ቡድናችሁ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ። ከዚያ በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ።

1. የካስትነር ሬንጅ መሬት ለምን አደገኛ ሆነ?
2. የሕግ ረቂቁ ሲወድቅ እንደራሴዋ በየትኛው መንገድ ሄዱ?
3. በቀበሌያችን ከአባቶቻችን ጀምሮ ስንናገረው የኖርነው፣ ግን አንድም ቀን ያልጻፍነው ጥያቄ ምንድነው?

ሦስተኛውን ጥያቄ ከጨረሳችሁ በኋላ ወረቀትና እርሳስ አውጡ።