የጤና ሪፖርት የሚቀመጥበት ዳታቤዝ እንዴት ይሠራል? አዲስ ጥያቄ ሲመጣ የት ያስገባዋል?

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች ጤና ጣቢያዎች በየወሩ የሚልኩት ሪፖርት ከዓመት ዓመት አንድ አይደለም። ወባ በምዕራብ ጎጃም የቆየ በሽታ ስለሆነ ቁጥሩ ሁልጊዜ ይጠየቃል፤ አጠያየቁ ግን ይለወጣል። አንድ ጊዜ ድምሩ ብቻ ይበቃል፣ ሌላ ጊዜ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉት የወባ ዓይነቶች ለየብቻ፣ በጾታና በዕድሜም ተከፍለው ይፈለጋሉ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ አገር ሲገባ ደግሞ በየትኛውም ቅጽ ላይ ያልነበረ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ዱብ አለ። ወረቀት ላይ ቢሆን ከታች አንድ መስመር አስምሮ መቀጠል ይቻላል። ዳታቤዝ ላይስ?

መጀመሪያ የሚታሰበው ሠንጠረዡ ላይ ዓምድ መጨመር ነው፤ ለወባ አንድ፣ ለወሊድ አንድ፣ ለክትባት አንድ። ጥያቄዎቹ ጥቂት ከሆኑና ካልተለወጡ ከዚህ የተሻለ የለም። ነገር ግን የሠንጠረዥን ቅርጽ መለወጥ የፕሮግራመር ሥራ ነው፤ የጤና ባለሙያው አዲስ ነገር መጠየቅ በፈለገ ቁጥር ፕሮግራመር ሊጠብቅ ነው። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝም በአንድ ሠንጠረዥ ከ1600 በላይ ዓምድ አይቀበልም። እያንዳንዱ በሽታ በጾታና በዕድሜ ሲባዛ ደግሞ ዓምዱ ቶሎ ይበዛል።

ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሶፍትዌር ችግሩን የፈታው ጥያቄውን ራሱን መረጃ በማድረግ ነው። አንዱ ሠንጠረዥ ጥያቄዎቹን ይመዘግባል፤ ስማቸውን፣ መልሱ ቁጥር ይሁን ቀን ወይስ አዎ/አይደለም፣ በመጨረሻም ባለ 11 ፊደልና አኃዝ መለያቸውን። ሌላው ሠንጠረዥ መልሶቹን ይይዛል። በዚህኛው እያንዳንዱ ረድፍ የሚናገረው የትኛው ጥያቄ፣ የትኛው ጤና ተቋም፣ የትኛው ወር፣ የትኛው የዕድሜና የጾታ ክፍል እንደሆነና መልሱ ስንት እንደሆነ ነው። ለበቆሎ፣ ለጤፍና ለበርበሬ የተለያየ ጎተራ ከመሥራት ሁሉንም በጆንያ ሞልቶ የእያንዳንዱን ስም ላዩ ላይ እንደመጻፍ ነው፤ አዲስ እህል ሲመጣ የሚያስፈልገው ሌላ ጆንያ ብቻ ነው። ጥያቄ የሚጨምረውም ኮድ የማያውቅ፣ ሥልጣኑ የተሰጠው የጤና ባለሙያ መሆን ይችላል።

ዋጋ ግን አለው። መልስ ሁሉ አንድ ዓምድ ውስጥ ስለሚገባ የሚቀመጠው እንደ ጽሑፍ ነው፤ 37 ቁጥር መሆኑን ዓምዱ አያውቅም። ቁጥር በሚጠየቅበት ቦታ ቃል እንዳይገባ የሚቆጣጠረው የጥያቄውን ዓይነት የሚያነበው ፕሮግራም ነው። ንባቡም ይከብዳል፤ የአንድ ጤና ጣቢያን 300 መልስ ጎን ለጎን ለማየት 300 ረድፍ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዲኤችአይኤስ 2 አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ላይ መረጃውን ገልብጦ ለንባብ የሚሆኑ ሌሎች ሠንጠረዦችን ያዘጋጃል፤ ግራፎቹ የሚወጡት ከእነዚያ ነው። ከሰዓት በኋላ የገባ ቁጥር ግራፍ ላይ በማግስቱ ቢታይ መረጃው ጠፍቶ አይደለም። መረጃውን ለሚያስገቡት ሠራተኞች ይህን አስቀድሞ መንገር ብዙ ድንጋጤ ያስቀራል።

ሦስተኛ መንገድም አለ። ፖስትግሬስኪውኤል ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጄሰንቢ የሚባል የዓምድ ዓይነት አለው፤ የአንድ ታካሚ የአንድ ቀን ጉብኝት መልሶች፣ ከነመለያቸው ተጠቅልለው አንድ ሕዋስ ውስጥ ይገባሉ። ዲኤችአይኤስ 2 ራሱ በግለሰብ ደረጃ የሚመዘገቡ ክስተቶችን የሚያስቀምጠው እንዲህ ነው።

እኔ እንደማምነው የትኛውም ይመረጥ፣ ቦታና ጊዜ እንደ ልብ ከሚጨመሩት ጥያቄዎች ጋር ሊቀላቀሉ አይገባም። የራሳቸው ቋሚ ዓምድ ይኑራቸው፤ ያለ እነርሱ ቡሬን ከፍኖተ ሰላም፣ መስከረምን ከጥቅምት ማወዳደር አይቻልምና።

ጥያቄ መጨመር መቅለሉም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱ ባለሙያ «የወባ ታማሚ» ብሎ ሲከፍት ሌላው «ወባ የተገኘባቸው» ብሎ ከከፈተ ያው አንድ ቁጥር ለሁለት ይከፈላል፤ ወረርሽኙም ከልኩ ያነሰ ይመስላል። ከሁሉ የሚከፋው የቆየን ጥያቄ ስም መለወጥ ነው። «በደም የተመረመሩ» የነበረው «በደም ምርመራ ወባ የተገኘባቸው» ተብሎ ቢታረም የድሮዎቹ መልሶች በዚያው መለያ ታስረው ይቀራሉ፤ አምና የተመረመረ ሁሉ ታማሚ ሆኖ ይነበባል። የድሮው ይዘጋ፣ አዲሱ በራሱ መለያ ይከፈት።