ከወደብ እስከ ባቡር ጣቢያ፦ የአገልግሎት ክለቦች በጅቡቲ ምን ይፈይዳሉ?

ከጅቡቲ ሕዝብ ከሦስት ሁለት እጁ በላይ የሚኖረው በመዲናዋ በጅቡቲ ከተማ ነው። ከኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚህችው አገር ወደቦች በኩል ያልፋል። ሸቀጥ በሚያልፍበት መንገድ ሰው ያልፋል፤ ሰው በሚያልፍበትም በሽታ ይከተላል። በቅርብ ዓመታት ከከተማዋ ፍሳሽ በተወሰዱ ናሙናዎች የልጅነት ልምሻን ወይም ፖሊዮን የሚያስከትል ቫይረስ መገኘቱ ለዚህ ማሳያ ነው።

ፖሊዮን ከምድር ገጽ ለማጥፋት ስለሚደረገው ጥረት ሲነገር የመንግሥታትና የዓለም ጤና ድርጅት ስም ቀድሞ ይጠራል። ይሁንና ጥረቱን ካስጀመሩት አንዱ የፈቃደኞች ማኅበር የሆነው ሮታሪ ነው። በጅቡቲ ከተማም የሮታሪ ክለብ አለ። ለመሆኑ የአገልግሎት ክለብ የሚባለው ምንድን ነው?

ከቺካጎ የተነሣው ልማድ

ሮታሪ የተመሠረተው እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1905 በቺካጎ ከተማ ነው። ጠበቃው ፖል ሀሪስ ሦስት የሥራ ሰዎችን ይዘው የመጀመሪያውን ስብሰባ አደረጉ። ስብሰባው በየተራ በአባላቱ ቢሮ ይካሄድ ስለነበር ማኅበሩ ‹‹መዞር›› ከሚለው ቃል ስሙን አገኘ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። እያንዳንዱ ክለብ ራሱን ያስተዳድራል፤ ፕሬዝዳንቱም የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ብቻ ሲሆን የሥልጣን ርክክቡ በየዓመቱ በሐምሌ መጀመሪያ ይከናወናል። አባላቱ ከልዩ ልዩ ሙያ የተውጣጡ እንዲሆኑ ይፈለጋል። ሴቶች በአባልነት እንዲገቡ ደንቡ የተሻሻለው ግን እስከ 1989 ዘግይቶ ነው።

ሌላው ስመ ጥር ማኅበር ላየንስም በ1917 በዚያችው በቺካጎ ተቋቁሟል። ሄለን ኬለር በ1925 ለዓይነ ስውራን እንዲቆም ጥሪ ካቀረቡለት ወዲህ የዓይን ጤና መለያው ሆኗል። በአማራ ክልል ትራኮማን ለመከላከል ከካርተር ማዕከል ጋር የሠራው ሥራም ከዚሁ የመነጨ ነው።

ከዕድር በምን ይለያል?

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህ ዓይነቱ ማኅበር ፍጹም እንግዳ አይደለም። ዕድርተኛ በየወሩ ያዋጣል፣ ጡሩምባ ሲነፋ ይወጣል፣ ድንኳን ይተክላል፤ ሳያሳውቅ የቀረ ይቀጣል። የሮታሪ አባላትም መዋጮ ይከፍላሉ፤ በስብሰባ መገኘትም ከጥንት ጀምሮ ትልቅ ግዴታቸው ነው። በራሱ ክለብ ስብሰባ ያልተገኘ አባል በሌላ ከተማ ክለብ ተገኝቶ ሊያካክስ መቻሉ ደግሞ እንደ ጅቡቲ ላለች የመንገደኞች ከተማ የሚስማማ ልማድ ነው።

ልዩነቱ ያለው የአገልግሎቱ ፍሬ በሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። የዕድር ድጋፍ በመጀመሪያ ደረጃ ለአባሉና ለቤተሰቡ ይመለሳል። የአገልግሎት ክለብ ግን የአባል ላልሆነ፣ ምናልባትም አባሉ አይቶት ለማያውቀው ሰው እንዲሠራ ታስቦ የቆመ ነው። በአንጻሩ ዕድር እያንዳንዱን ቤት በስም ያውቃል። ክትባት ቤት ለቤት በሚሰጥበት ጊዜ የሁለቱም ጥቅም ይታያል፦ አንዱ ገንዘብና መጓጓዣ ያመጣል፣ ሌላው በር ያስከፍታል።

ጠብታው የተጓዘበት መንገድ

ሮታሪ የፖሊዮ ክትባት ሥራውን በ1979 በፊሊፒንስ ጀመረ፤ በ1985 ደግሞ ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር አደረገው። ከሦስት ዓመት በኋላ ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ጋር ዘመቻው ሲጀመር በሽታው በየዓመቱ በ125 አገሮች 350 ሺህ ያህል ሰዎችን፣ በአብዛኛው ሕፃናትን፣ ሽባ ያደርግ ነበር። ዛሬ ቁጥሩ ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል። ለዚህም የማኅበሩ አባላት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አዋጥተዋል።

ከአዋጪዎቹ መካከል በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። በሲያትል የሚኖሩት የሮታሪ አባል አቶ ዕዝራ ተሾመ አሜሪካውያን አባላትን አስከትለው ለክትባት ዘመቻ ወደ ኢትዮጵያ በተደጋጋሚ ተጉዘዋል። ታይም መጽሔትም በ2005 ከዓለም የጤና ጀግኖች አንዱ ብሏቸዋል።

አሁን ጅቡቲንና ኢትዮጵያን የሚያሳስበው ግን የቀድሞው የዱር ቫይረስ ሳይሆን ከክትባት የመነጨው ዓይነት 2 ነው። በአፍ የሚሰጠው ጠብታ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ይዟል። ብዙ ልጆች ባልተከተቡበት አካባቢ ይህ ቫይረስ ለረዥም ጊዜ ከሰው ወደ ሰው ከተዛመተ ተለዋውጦ እንደገና ልምሻ የማስከተል አቅም ሊያገኝ ይችላል። መድኃኒቱ ክትባቱን መተው ሳይሆን ሳይከተብ የሚቀር ልጅ እንዳይኖር ማድረግ ነው።

ሁለት ካርታዎች

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሮታሪ ዓለምን በዲስትሪክቶች ከፋፍሎ ያስተዳድራል። የጅቡቲ ክለብ የተመደበው ከማዳጋስካር፣ ከሞሪሺየስ፣ ከሬዩኒዮን፣ ከኮሞሮስና ከሲሼልስ ጋር በአንድ የሕንድ ውቅያኖስ ዲስትሪክት ነው። የኢትዮጵያ ክለቦች ደግሞ ከኬንያ ጋር ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም ኢትዮጵያን በአፍሪካ ቀጣና፣ ጅቡቲን በምሥራቅ ሜድትራንያን ቀጣና መድቧል። ስለዚህ በነሐሴ 2020 የአፍሪካ ቀጣና ከዱር ፖሊዮ ነጻ መሆኑ ሲበሠር ጅቡቲ በዚያ መዝገብ ውስጥ አልነበረችም።

ሕዝቡ ግን የሚኖረው በሌላ ካርታ ነው። ሥራው በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ሁለቱን አገሮች ካስተሳሰረ ከመቶ ዓመት አልፏል። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡርና በጋላፊ በኩል የሚመላለሱት የጭነት መኪኖች ያንኑ ትስስር ቀጥለዋል። ወደ የመን ለመሻገር በእግራቸው ወደ ኦቦክ የሚያዘግሙ ስደተኞችም አሉ። በ2013 ከሶማሊያ የተነሣው የዱር ፖሊዮ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል አሥር ሰዎችን ለሕመም የዳረገው ድንበር ተሻግሮ ነበር። ቫይረስ በየትኛው ቢሮ መዝገብ እንደተመደበ አይጠይቅም።

ክለቦቹ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

ክትባት የመስጠት ኃላፊነት የጤና ሚኒስቴር ነው። የክለብ አባላት ሊጨምሩ የሚችሉት ሌላ ነገር አለ። በወደብ ከተማ ውስጥ ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ የትራንዚት ባለሙያውና መምህሩ በአንድ ገበታ ሲቀመጡ መኪና ማዋስ፣ ክትባት የሚያቀዘቅዝ በረዶ ማቅረብ፣ እንደ ባልባላ ባሉ ሰፊ ሰፈሮች ቅስቀሳን ማገዝ ይቻላቸዋል።

የክለቦቹ ድክመትም መነገር አለበት። መዋጮው ለድሀው ስለሚከብድ አባላቱ በአመዛኙ የደላቸው ናቸው። አመራሩ በየዓመቱ መለዋወጡም አንዱ የጀመረውን ሌላው እንዳይተወው ያሰጋል። የመንግሥታት እርዳታ እየቀነሰ በመጣበት ጊዜ ይህ ቀላል ስጋት አይደለም።

ሆኖም በደንባቸው ውስጥ ለዚህ አካባቢ የሚበጅ አንድ በር ክፍት ነው። ከሮታሪ ፋውንዴሽን ትልልቅ ድጋፎች አንዱን ለማግኘት የሁለት የተለያዩ አገሮች ክለቦች በጋራ ማቀድና ማመልከት አለባቸው። የጅቡቲ ክለብ አጋሩን የግድ ከባሕር ማዶ መፈለግ የለበትም፤ የባቡሩ ሌላኛው ጫፍ ኢትዮጵያ ነው። በሐዲዱ ሁለት ጫፎች የሚገኙ ክለቦች አንድ ዕቅድ ቢያወጡ፣ በአንዱ አገር ሳይከተብ ያለፈውን ልጅ በሌላው አገር ለማግኘት የተሻለ ዕድል ይኖራል።