የስልክ መተግበሪያ ሲታዘዝ በላይብረሪው ውስጥ ምን ይግባ፤ ምንስ ይቅር?

ክቡራን አባሎቻችን እንደሚያውቁት፤ ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. የቴሌብርን አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የእጅ ስልክ ለብዙ ነጋዴ እንደ ገንዘብ ሣጥን ሆኗል። የድርጅቱን ትእዛዝና የዱቤ መዝገብ የሚይዝ መተግበሪያ የሚያሠራም ነጋዴ አለ።

መተግበሪያውን የሚሠራው ባለሙያ በስክሪን ላይ የሚታየውን ቁልፍ፤ ሠንጠረዥና የቀን መምረጫ ሁሉ ከባዶ አይሠራም። ላይብረሪ ከሚባለው፤ አስቀድሞ ከተሰናዳው የመሣሪያ ስብስብ እየመዘዘ ይገጣጥማል እንጂ። በዚህ ስብስብ ውስጥ ምን እንደሚገባ መወሰን የባለሙያው ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ጉድለቱ የሚታየው በነጋዴው መዝገብ ላይ ነው።

የቀን መቍጠሪያችንን እንመልከት። ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ዕቃ በ30 ቀን ዱቤ የሰጠ ነጋዴ ገንዘቡን የሚጠብቀው መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ያው ዱቤ ነሐሴ 20 ቀን 2015 ዓ.ም. ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፤ ጳጉሜን በዚያ ዓመት 6 ቀን ስለ ነበረች፤ መክፈያው መስከረም 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ይሆን ነበር። ጳጉሜንን የዘነጋ መሣሪያ ግን በሁለቱም ዓመት መስከረም 20 ይላል። ይህ ስሌት ለሁሉ የሚያስፈልግና ከዘመን ወደ ዘመን ደንቡ የማይለወጥ ስለሆነ፤ በላይብረሪው ውስጥ አንድ ጊዜ በትክክል ተሠርቶ ሊቀመጥ ይገባዋል። የሰዓት አቈጣጠራችንም እንዲሁ ነው፤ እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለውን የውጭው ላኪ 9 ሰዓት ይለዋልና።

ከዚህ የማይተናነሰው የፊደል ነገር ነው። የሰፈራችንን ስም አንዱ ጦር ኃይሎች፤ ሌላው ጦር ሃይሎች ብሎ ይጽፋል። ለኮምፒዩተር ኃ እና ሃ ልዩ ልዩ ምልክቶች ናቸውና፤ ፍለጋው ይህን ካላስተዋለ ደንበኛው በመዝገብ እያለ የለም ይባላል። ጸሐፊዎች በዚህ ምክንያት አንዱን ደንበኛ ሁለት ጊዜ ይመዘግባሉ፤ ዕዳውም በሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት አስተባብሮ የሚፈልግ መሣሪያ ከቀን መቍጠሪያው ቀጥሎ ሊገባ ይገባዋል ባይ ነኝ።

የሚለዋወጠው ግን ውጭ ይቈይ። የእጅ ስልክ ቍጥር በ09 ብቻ ይጀምራል የሚል ደንብ በላይብረሪው ሥር ተቀብሮ ቢሆን፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. በ07 የሚጀምር ቍጥር ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ ስንቱን ደንበኛ በመለሰ ነበር! የክፍያ መንገዶችም ይጨመራሉ፤ ይቀነሳሉ፤ ስለዚህ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ተለይተው ቢገጠሙ ይሻላል።

ፌስቡክ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሪአክት ኔቲቭ የተባለው ላይብረሪ ይህን በሥራ ያየ ነው። ብዙ ነገር ታጭቆበት ለመጠበቅ ስላስቸገረ፤ አዘጋጆቹ በ2019 እ.ኤ.አ. የድረ ገጽ ማሳያውን፤ የኔትወርክ መመርመሪያውንና የሥፍራ መጠቈሚያውን ከዋናው አውጥተው በየራሳቸው ጥቅል አኖሩዋቸው። የፈለገ ይወስዳል፤ ያልፈለገ አይሸከምም።

እንግዲህ አሠሪው የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚል ቀን በመተግበሪያው ያስገባ፤ ጦር ሃይሎች ብሎም ጦር ኃይሎችን ይፈልግ፤ በ07 የሚጀምር ቍጥርም ይመዝግብ። ለሦስቱ አምስት ደቂቃ ይበቃል።