መታመንና መፈቀድ፤ ከሌላ ዶሜይን መጥቶ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ስለ መግባት

አንድ የንግድ ድርጅት ሌላውን ድርጅት ገዝቶ ሥራውን ባሰፋ ጊዜ ሒሳቡና ንብረቱ በውል ይዛወራል፤ የሁለቱ ድርጅቶች ሠራተኞች በየትኛው ስምና በየትኛው የይለፍ ቃል ወደ ሰርቨሮቹ እንደሚገቡ ግን ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት ይቀራል። የሠራተኞቹ ስም የሚመዘገበው በአብዛኛው የማይክሮሶፍት ኩባንያ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2000 ከዊንዶውስ 2000 ጋር ባወጣው አክቲቭ ዳይሬክቶሪ በተባለው መዝገብ ነው። የሒሳቡና የግምጃ ቤቱ ሥራ የሚካሄድባቸው ሰርቨሮች ደግሞ በሊኑክስ የሚሠሩ ይሆናሉ።

ሊኑክስ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር ተጠቃሚዎቹን በየሰርቨሩ ለየብቻ ይመዘግባል። ስለዚህ 20 ሰርቨሮች ያሉት ድርጅት አንድ ሠራተኛ ሲቀጥር 20 ጊዜ መመዝገብ፥ ሲያሰናብትም 20 ጊዜ መሰረዝ ይኖርበታል። መመዝገቡ አይዘነጋም፤ አዲሱ ሠራተኛ ራሱ ያስታውሳልና። መሰረዙ ግን አስታዋሽ የለውም።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ፥ ሰርቨሩ የሰውን ማንነት ራሱ ከመመርመር ይልቅ ምርመራውን ለማእከላዊው መዝገብ እንዲተው ማድረግ ነው። የዚህ አሠራር መሠረት በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1983 በተጀመረው የአቴና ፕሮጀክት የተሠራው፥ በግሪኮች ተረት በሚነገርለት ባለ ሦስት ራስ ውሻ የተሰየመው ኬርቤሮስ ነው። በኬርቤሮስ ሥርዓት ሠራተኛው ማንነቱን ለመዝገቡ ጠባቂ አስረድቶ ጊዜው የተወሰነ የይለፍ ወረቀት ይቀበላል፤ ሰርቨሩም ይህንኑ ወረቀት ተመልክቶ ያስተናግደዋል። ወረቀቱ ሰዓት የተጻፈበት ስለ ሆነ፥ በተለመደው ደንብ የሁለቱ ወገኖች ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ ተቀባይነት የለውም። እንግዲህ «አላስገባ አለኝ» የሚል አቤቱታ ሲቀርብ አስቀድሞ የሰርቨሩን ሰዓት መመልከት ብዙ ድካም ያተርፋል።

ሁለት ዶሜይኖች ተማመኑ ሲባል ነገሩ በንግድ ዘንድ ከታወቀው ዋስትና ጋር ይመሳሰላል። ዋናው ድርጅት አዲሱን ቅርንጫፍ ካመነ፥ ቅርንጫፉ ስለ ሠራተኞቹ ማንነት የሚሰጠውን ምስክርነት ይቀበላል ማለት ነው። እምነቱ ባለ አንድ አቅጣጫም ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ሌላውን ቢያምን ሌላው መልሶ እንዲያምነው አይገደድም።

ነገር ግን ዋስ የጠራ ሁሉ ግምጃ ቤት ይግባ አይባልም። «እገሌ በእርግጥ እገሌ ነው» ማለትና «እገሌ ይግባ» ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ድርጅቶች የሚሳሳቱትም በዚህ ነው። ሰርቨሩን ከዶሜይኑ ጋር የሚያገናኘው ኤስ ኤስ ኤስ ዲ የተባለው ፕሮግራም ገደብ ካልተደረገበት፥ በመዝገቡ ውስጥ ያልተዘጋ አካውንት ያለው ሰው ሁሉ በሩን አንኳኩቶ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሊገቡ የሚገባቸው ሰዎች በአንድ ቡድን ተመዝግበው፥ ሰርቨሩ ይህንኑ ቡድን ብቻ እንዲያስገባ መታዘዝ አለበት። የአስተዳዳሪነት ሥልጣን የሚሰጠው ሱዶ ደግሞ ከዚህም ለጠበበ ቡድን መወሰን ይገባዋል።

ኤስ ኤስ ኤስ ዲ ፎረስት በሚባለው አንድ የዶሜይኖች ስብስብ ውስጥ ያሉትን ዶሜይኖች ራሱ ፈልጎ ያገኛል። የተገዛው ድርጅት ግን እንደ ልማዱ የራሱ ፎረስት ያለው ነው፤ ወደዚያኛው ፎረስት ኤስ ኤስ ኤስ ዲ በአክቲቭ ዳይሬክቶሪ አሠራሩ በቀጥታ አይሻገርም። ለዚህ የሳምባ ክፍል የሆነው ዊንባይንድ፥ ወይም ከ2012 ጀምሮ ከአክቲቭ ዳይሬክቶሪ ፎረስት ጋር መተማመን የቻለው ፍሪ አይ ፒ ኤ ያገለግላል። ከሁለቱ አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት ይበጃል። ሊኑክስ የፋይልን ባለቤት የሚያውቀው በስም ሳይሆን በቁጥር ነውና፥ የየፕሮግራሙ የቁጥር አወጣጥ የተለያየ ስለ ሆነ ግማሹን ሰርቨር በአንዱ ግማሹን በሌላው ማሠራት የአንዱን ሠራተኛ ሰነድ ለሌላው ሊያስረክብ ይችላል። በሁለቱም ድርጅቶች «አበበ» የሚባል ሠራተኛ ቢኖር ደግሞ ስሙ ከነዶሜይኑ መጻፍ አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው መስመር ሲቋረጥ የሚሆነው ነው። ሰርቨሩ በሪልም ዲ አማካይነት ከዶሜይኑ ጋር ሲያያዝ፥ ቀደም ብሎ የገባን ሰው የይለፍ ቃል በምስጢር መልክ ይዞ የማቆየት ልማድ አብሮ ይከፈታል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ማእከላዊው መዝገብ ባይገኝም ሥራ አይቆምም። ሆኖም የሚቆይበት ቀን በቅንብሩ ካልተወሰነ መነሻው ዜሮ ነው፤ ዜሮውም ገደብ የለውም ማለት ነው። ስለዚህ ትናንት ተሰናብቶ አካውንቱ በመዝገቡ የተዘጋ ሠራተኛ፥ ቀድሞ ገብቶበት ከነበረና መስመሩ ከተቋረጠ ሰርቨር ፊት ቢቀርብ በአሮጌው የይለፍ ቃል ሊገባ ይችላል። የቀኑን ቁጥር መወሰን ለቴክኒክ ባለሙያው ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ በአንድ በኩል መስመር ሲቋረጥ የሚቆመውን ሥራ፥ በሌላው በኩል በተሰናበተ ሰው እጅ የሚቀረውን ቁልፍ መዝኖ የሚወስነው ሥራ አስኪያጁ ነው።