መርፌው፣ ጎመኑና ያልተመረመረው ባል

ጂማ ላይ ቡና ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ ወሬውም እንደዚያው። አቦል ላይ የገበያው ወሬ፣ ቶና ላይ የጎረቤቱ ወሬ፣ በረካ ላይ ደግሞ... አዎ፣ የአዲሷ ሙሽራ ሆድ! «ሠርጋችሁ ስንት ጊዜው ሆነ? እስካሁን ምንም የለም?» ይባላል። የሚጠየቀው ሁልጊዜ እሷ ናት። እሱን ማንም አይጠይቀውም። እሱ ቡናውን ፉት እያለ ስለ ኳስ ያወራል።

ከዚያ ምክሩ ይጎርፋል። አንዷ «ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰሽ ብዪ» ትላለች። ሌላዋ «ለቁልቢ ገብርኤል ተሳይ» ትላለች። ሦስተኛዋ «ድሬ ሼህ ሁሴን ሂጂ» ትላለች። አሁን አሁን ደግሞ በስልክ በኩል አዲስ ምክር መጥቷል፦ አኩፓንክቸር የሚባለው የቻይና መርፌ፣ «ማህፀን ከሚያጸዳ» ምግብ ጋር! ከጂማ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነትና ከየቡ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች በዚሁ የተሞሉ ናቸው። «እውነት ነው ወይስ ውሸት? ገንዘባችንን እናውጣ ወይስ እንተወው?»

ሳላድበሰብስ ልመልስ። ምግቡ ይጠቅማል። መርፌው መንፈስ ያረጋጋ ይሆናል። ሁለቱም ግን የተዘጋ ቱቦ አይከፍቱም፤ የሌለ ዘርም አይፈጥሩም። ስለዚህ ከሁለቱም የሚቀድም ነገር አለ፦ ምርመራ። ያውም የሁለት ሰው ምርመራ!

«መካን» ለማለት ማን አስቸኮለን?

በሕክምና አነጋገር ችግር አለ የሚባለው ባልና ሚስት ያለ ምንም መከላከያ፣ ሳይራራቁ፣ 12 ወር አብረው ቆይተው ፅንስ ካልመጣ ነው። ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ግን 6 ወር ይበቃል። ከ100 ጥንዶች ከ80 በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይፀንሳሉ። እንግዲህ በተጋቡ በአራተኛው ወር «ምነው?» የምትሉ አማቶች፣ እባካችሁ ትንሽ ታገሡ!

ደግሞ ነገሩ የጥቂት ሰው ዕድል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ6 ሰው አንዱ በዕድሜው አንድ ወቅት ላይ ይህ ችግር ይገጥመዋል። ልጅ የዘገየባቸውን ጥንዶች ብንቆጥር ደግሞ በግማሽ ያህሉ ውስጥ የወንዱም እጅ አለበት፤ ብቻውን ወይም ከሚስቱ ጋር ተደርቦ። ታዲያ ለምንድነው ስድቡ የሷ ብቻ የሆነው?

ያልተመረመረው ባል

ከአጋሮ አንዲት እህት እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ አራት ዓመት ሙሉ ያልጠጣሁት ቅጠል፣ ያልታጠንኩት ጭስ የለም። አማቴ ያመጡትን፣ እናቴ ያመጣችውን፣ ሁሉንም ጨረስኩ። እሱን ‹አብረን እንታይ› ስለው፣ ‹እኔ ምን ሆኜ!› ብሎ ይቆጣል።» ባሏ ቡና ነጋዴ ነው። ጤነኛ፣ ደልደል ያለ፣ ሳቂታ ሰው። በመጨረሻ ታላቅ ወንድሙ መክሮት ተመረመረ። የዘሩ ቁጥር እጅግ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። «በጣም አዘንኩ፤ ግን ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ሄድኩ» አለችኝ። እንግዲህ አስቡት፤ ያ ሁሉ መራራ ቅጠል የተጠጣው በተሳሳተ አፍ ነው!

ወንድሞቼ፣ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ማለት ቢላዋ የለው፣ መርፌ የለው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ፣ ናሙናውን በንጹህ ዕቃ መስጠት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ማድረስ ነው። የዘሩ ብዛት፣ እንቅስቃሴውና ቅርጹ ይታያል። ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል፤ በአንድ ወረቀት አይፈረድም። ሌላው ደግሞ ይህ ነው፦ ጉልበትና ዘር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አልጋ ላይ ጀግና መሆን የዘርን ቁጥር አይናገርም። ፈሳሹ ስለመጣም ዘር አለበት ማለት አይደለም።

የተዘጋው መንገድ

ወደ ሴቷ ስንመጣ ሁለት ጥያቄ ይቀድማል። እንቁላሉ በየወሩ ይወጣል ወይ? የሚያልፍበት ቱቦስ ክፍት ነው ወይ? የወር አበባዋ በ21 እና በ35 ቀን መካከል ሳይዛነፍ የሚመጣ ከሆነ እንቁላሉ እየወጣ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ሦስት ወር እየዘለለ የሚመጣ ከሆነ ግን መታየት አለባት።

የቱቦው ነገር በኛ አህጉር ትልቅ ጉዳይ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አስተባባሪነት በብዙ አገሮች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ጥናት፣ አፍሪካ ውስጥ በኢንፌክሽን ምክንያት የሚመጣው መካንነት ከሌላው ዓለም እንደሚበልጥ አሳይቷል። ጨብጥ፣ ክላሚዲያ፣ ንጽህና በጎደለው መንገድ የተደረገ ውርጃ፣ ከወሊድ በኋላ የገባ ኢንፌክሽን... እነዚህ ቱቦውን እያቆሰሉ ያጣብቁታል። ክላሚዲያ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ምንም አይሰማቸውም፤ ወንዱም ሳያውቀው ይዞት ይዞራል። ቱቦው መዘጋቱ የሚታወቀው ቀለም ተሰጥቶ በሚነሳ ራጅ ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ ከማሰባችሁ በፊት ጂማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች እንዳሉ አትርሱ። ኢንፌክሽን ከተገኘ ደግሞ ሁለታችሁም ትታከማላችሁ። አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ በሽታው ተመልሶ ይመጣል።

መርፌውስ?

አኩፓንክቸር ከ2,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የቻይና ሕክምና ነው። ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን መርፌዎች በተመረጡ የሰውነት ቦታዎች ላይ ይሰካሉ። ለአገራችንም ባዳ አይደለም። ከሄናን ግዛት የሚላኩ የቻይና የሕክምና ቡድኖች እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ኢትዮጵያ እየመጡ ሠርተዋል። አዲስ አበባ ያለው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም የዚሁ ትብብር ፍሬ ነው።

የመርፌውና የልጅ ወሬ የሞቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ጀርመን ውስጥ 160 ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በላቦራቶሪ የተዳቀለ ፅንስ ሲገባላቸው መርፌ ከተደረገላቸው መካከል 42.5 በመቶ ፀነሱ፤ ካልተደረገላቸው 26.3 በመቶ። ዓለም ጉድ አለ! ግን ቆይ፣ ነገሩ እዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የወጣው ጥናት 848 ሴቶችን ያዘ። ግማሾቹ ትክክለኛውን፣ ግማሾቹ የማስመሰያ መርፌ ተደረገላቸው። የወለዱት 18.3 በመቶ እና 17.8 በመቶ ነበሩ። ያው በያው!

ራሷ ቻይናስ? እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት 1,000 ሴቶችን አካቷል። ሁሉም ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው፣ እንቁላል በጊዜው እንዳይወጣ የሚያደርገው ችግር ያለባቸው ነበሩ። እንቁላል የሚያስወጣውን ክሎሚፊን የተባለ ክኒን የወሰዱት፣ መርፌው እውነተኛም ሆነ ማስመሰያ፣ ከ100 ወደ 28 እና 29 የሚሆኑት ወለዱ። ክኒኑን ያልወሰዱት ከ14 እስከ 17 ገደማ። ልዩነቱን ያመጣው ርካሹ ክኒን ነው፤ መርፌው አይደለም። ይህን ክኒን ግን ያለ ሐኪም ከፋርማሲ ገዝታችሁ እንዳትውጡ! መጠኑን የሚወስነው፣ ውጤቱንም የሚከታተለው ሐኪም ነው።

እንግዲህ መርፌው ክልክል ነው ወይ? አይደለም። በሠለጠነ ሰው እጅ፣ አንዴ ተሠርቶበት በሚጣል ንጹህ መርፌ ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ጭንቀት ለበዛባት እህት የአንድ ሰዓት ዕረፍት ራሱ ደግ ነገር ነው። ግን እንደ ዕረፍት ቁጠሩት እንጂ እንደ መድኃኒት አትቁጠሩት። ማሳውን ሸጦ መርፌ ማስወጋት... ኧረ በፍጹም!

ከሄርማታ ገበያ ዘንቢል

አሁን ወደምወደው ወሬ ልግባ፤ ምግብ። አሜሪካ ውስጥ 17,544 ነርሶችን ለዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት አለ። ከሥጋ ይልቅ ከጥራጥሬ ፕሮቲን የሚያገኙ፣ ከአትክልት አይረን የሚያገኙና ቫይታሚን የሚወስዱ ሴቶች እንቁላል ያለመውጣት ችግር አነስ ብሎ ታይቶባቸዋል። ይህን ስሰማ ሳቅ መጣብኝ። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመን... የጾም በያይነቱ አይደለም እንዴ! ልብ በሉ፤ ጥናቱ የሚያወራው ስለ እንቁላል ነው። ስለ ተዘጋ ቱቦ ምንም አላለም።

አንደኛ፦ ፎሊክ አሲድ። ልጅ የምታስብ ሴት ከመፀነሷ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድማ በቀን 400 ማይክሮግራም መውሰድ መጀመር አለባት። ይህ የሕፃኑን አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ከአፈጣጠር ጉድለት ይጠብቃል። ጎመንና ምስር ደግ ናቸው፤ ክኒኑን ግን አይተኩም። ያ የአካል ክፍል የሚሠራው ደግሞ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነው።

ሁለተኛ፦ ደም ማነስ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶ የሚሆኑት ደም ማነስ ነበረባቸው። እዚህ ጋ የቡና አገር ሰው ጆሮውን ይስጠኝ። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የአይረኑን ወደ ደም መግባት በ39 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ! ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ቢጠጣም ቡናው ያው ይቀንሳል። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ከሆነ ግን አይጎዳም። ስለዚህ ቡናው ይቅደም፣ እንጀራው ይከተል! ጎመኑና ምስሩ ላይ ሎሚ ጨመቅ ብታደርጉ ወይም ብርቱካን ብትበሉ አይረኑ የተሻለ ይገባል።

ሦስተኛ፦ የቡናው መጠን። ለእርጉዝና እርግዝና ለምታስብ ሴት ካፌይን በቀን ከ200 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። ጂማ ላይ ቡና ተዪ ማለት አየር ተዪ ማለት ነው፤ እኔም አልልም። አንድ ሁለት ስኒ ጠጪ፣ በየጎረቤቱ የሚቀዳውን ሁሉ ግን አትጨርሺ።

አራተኛ፦ ክብደት። በጣም መክሳትም ሆነ በጣም መወፈር የእንቁላሉን ሰዓት ያዛባል። ወፍራም ለሆነችና የወር አበባዋ ለሚዘል ሴት ከክብደቷ ከ100 እጅ ከ5 እስከ 10 እጅ መቀነስ ብቻውን እንቁላሉን ሊመልስ ይችላል። «ማህፀን የሚያጸዳ» የተባለ ነገር ግን ራቁ። ኮሶም፣ ምንነቱ የማይታወቅ ቅጠልም ፅንስ በሚጠበቅበት ጊዜ አይጠጣም።

ለወንዶቹም ድርሻ አለ

ዚንክና ፎሊክ አሲድ ለወንድ ተብሎ በውድ የሚሸጠውን ተውት። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት 2,370 ወንዶች ተሳትፈው፣ ክኒኑ ዘራቸውንም አላሻሻለም፣ የሚወለደውንም ልጅ አልጨመረም። የሚጠቅመው መተው ነው። ሲጋራ ተው። መጠጥ ቀንስ። ጫትስ? እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት 65 ጫት ቃሚዎችን ከማይቅሙ ጋር አነጻጽሮ፣ የቃሚዎቹ ዘር በቁጥርም በእንቅስቃሴም ተጎድቶ አግኝቶታል። ጂም ቤት ጡንቻ ለማሳበጥ የሚወጉት የቴስቶስትሮን መርፌ ደግሞ ዘር ማምረቱን ጭራሽ ሊያቆም ይችላል! ዘር ተሠርቶ ለመውጣት ወደ ሦስት ወር ይፈጅበታል። ዛሬ ያቆምከው ነገር ፍሬውን የምታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ በሳምንቱ ተስፋ አትቁረጥ።

እና ምን እናድርግ?

ቀኑን እወቁ። ፅንስ የሚያዘው እንቁላሉ በሚወጣበት ቀንና ከዚያ በፊት ባሉት 5 ቀናት ነው። የወር አበባዋ በ28 ቀን ለሚመጣ ሴት እንቁላሉ የሚወጣው በ14ኛው ቀን ገደማ ነው። ቀን መቁጠር ካስጨነቃችሁ በየሁለት ሦስት ቀኑ መገናኘት ይበቃል። ጊዜው ካለፈ አብራችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የመጀመሪያው ምርመራ የሱ ይሁን፣ ቀላሉ እሱ ነውና።

ቱቦው የማይድን፣ ዘሩም እጅግ ያነሰ ከሆነስ? የመጀመሪያዋ በላቦራቶሪ የተፀነሰች ሕፃን እንግሊዝ አገር የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በኛም አገር የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ሕክምና የሚሰጥ የመንግሥት ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ከፍቷል። ከጂማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሩቅ ነው፣ ውድም ነው፣ ለሁሉም አይሳካም። ለመርፌና ለቅጠል የሚበተነው ብር ግን ለዚህ መንገድ ስንቅ ይሆን ነበር። ከብሩ የሚብሰው ደግሞ ዕድሜው ነው። የሴት እንቁላል ከ35 ዓመት በኋላ በፍጥነት ይቀንሳል። ቅጠል ሲጠጣ የባከነው አራት ዓመት ተመልሶ አይመጣም።

ያም ካልሆነ ጉዲፈቻ አለ። ቃሉን አማርኛ የወሰደው ከኦሮምኛ ነው። የዚህ አገር ሰው የሌላውን ልጅ እንደ አብራክ ክፋይ አድርጎ ማሳደግን ከጥንት ያውቅበታል።

ለአማቶች አንድ ቃል ብቻ ልጨምር። ልጃችሁን የምትወዱ ከሆነ ቅጠል አታምጡላት፤ ወንዱ ልጃችሁን እጁን ይዛችሁ ምርመራ አድርሱት። ለባሎችም፦ ቤት ውስጥ «የሷ ችግር ነው» የሚል ሰው ሲነሳ፣ «ሁለታችንም እየታየን ነው» በሉ። ይህቺ ሦስት ቃል ናት፤ ዋጋ የላትም፣ ትዳር ግን ታተርፋለች።