ኔትወርክ የሌለበትን ቀበሌ ኤአይ እንዴት ያየዋል?

ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብላችሁ ቪዲዮ ስታዩ ብዙም አይቆራረጥባችሁም እንበል። ከዚያ መኪና ይዛችሁ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ደባርቅ ትገባላችሁ። ደባርቅን አልፋችሁ ወደ ጃናሞራና በየዳ ስትወጡ ግን በየመንገዱ ኔትወርኩ ይጠፋል። የደጋ ገጠር ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ መደወል ሲያስፈልግ ስልክ ይዞ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ መውጣት ነው።

ይሄ ከኤአይ ጋር ምን አገናኘው? ብሔራዊው የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲ ሰኔ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። በዓለም ላይ ያሉ ቴሌኮሞች ደግሞ ኤአይን ኔትወርካቸው ውስጥ እያስገቡት ነው። ታወሩን ማን እንደሚያዝዘው ከአሁኑ መጠየቅ አለብን።

ጥቅሙን አልክድም። የኔትወርክ ታወር ሰው ተጠቀመበትም አልተጠቀመበትም መብራት ይበላል። ኤአይ በየሰዓቱ ስንት ሰው እንደሚጠቀም ከቀድሞው መረጃ ይገምትና ሌሊት ላይ የማያስፈልገውን ክፍል ያስተኛዋል። ባትሪ እየደከመ ሲሄድም ሳይጠፋ በፊት ይናገራል። ተራራ ላይ በሶላር ወይም በጄኔሬተር ለሚሠራ ታወር ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ቴክኒሻኑም በክረምት ጭቃ ሁለቴ አይመላለስም።

ችግሩ የሚጀምረው ያው ስሌት ቀጣዩ ታወር የት ይተከል፣ 4ጂ የት ይግባ የሚለውን መወሰን ሲጀምር ነው። ኤአይ የሚማረው ከተመዘገበ አጠቃቀም ነው። ዳቦ ቤት በሌለበት ቀበሌ የዳቦ ሽያጭ ዜሮ ነው፤ ሰዉ ግን አልጠገበም። 4ጂ በሌለበት ቀበሌም የዳታ አጠቃቀሙ ዜሮ ይሆናል። ማሽኑ ዜሮውን ያይና «እዚህ ፈላጊ የለም» ይላል፤ ታወሩ አይመጣም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ቁጥሩ ያው ዜሮ ነው። ኢኮኖሚክስ ስንማር ሽያጭና ፍላጎት አንድ አይደሉም ተብለናል። ማሽኑን ግን ካልነገሩት አያውቅም።

የእኛ ክልል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭቱ ሲባባስና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለረጅም ወራትም አልተመለሰም። በእነዚያ ወራት ጎንደር ውስጥ ሰው ኢንተርኔት ጠልቶ አልነበረም። መዝገቡ ላይ ግን የሚታየው ባዶ ነው። በዚህ ባዶ የተማረ ኤአይ ክልሉን ሁሉ ደካማ ገበያ አድርጎ ቢያየው ምን ይገርማል?

«ሕግ አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የአንተን የአንቺን መረጃ ይጠብቃል። አንድ ቀበሌ በሙሉ በስሌት ሲዘለል ግን የማንም የግል መረጃ ስላልተነካ አቤት የሚል ሰው አይኖርም። ይሄን መጠየቅ ያለበት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው፤ የቴሌኮም ፈቃድ የሚሰጠውም የሚቆጣጠረውም እሱ ነው።

እኔ ብጠየቅ ሦስት ነገር መመሪያ ውስጥ ይግባ እላለሁ። አንደኛ፣ ኢንተርኔት የተቋረጠባቸው ወራት ኤአዩ ከሚማርበት መረጃ ተለይተው ይውጡ። ሁለተኛ፣ ለአንድ አካባቢ ብቸኛ የሆነ ታወር አጠቃቀሙ ቢቀንስም የድምፅ ጥሪውን እንዳያቋርጥ ይከልከል፤ ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ የምትጠራው በሌሊትም ነው። ሦስተኛ፣ ኩባንያዎቹ የትኛው ቀበሌ ምን ዓይነት ኔትወርክ እንዳለው በየዓመቱ በይፋ ያሳውቁ። ታወር ሲመደብም አጠቃቀም ብቻ ሳይታይ የሕዝብ ብዛት፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ይቆጠር።

ይሄ ወጪ አለው፤ የተራራ ታወር ቶሎ አያተርፍም። ለዚያም ነው ለገበያና ለማሽን ብቻ የማይተወው። ፖሊሲ የሚያስፈልገው ስሌቱ «አያዋጣም» ባለበት ቦታ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ አገር ቤት ሄዳችሁ ጉብታ ላይ ቆማችሁ ስትደውሉ አንድ ነገር አስታውሱ። ያ ጉብታ ድረስ የወጣችሁበት ድካም በማንም መዝገብ ላይ የለም። ፍላጎታችን ያለው ግን እዚያው ድካም ውስጥ ነው።